ከማሽኑ በፊት ግድግዳውና ወለሉ፦ ለቀዝቃዛ ክፍል ምን ዓይነት ኢንሱሌሽን ይመረጣል?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዋጋ ሳይሆን ዋጋው እስኪነሳ ምርቱን ይዞ ስለሚያቆየው ክፍል ነው። ከዳባትና ከደባርቅ የሚደውሉልኝ የዩኒየን ሰዎችና ነጋዴዎች ቀዝቃዛ ክፍል ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የማሽኑን ዋጋ ነው። እኔ ግን ከግድግዳና ከወለል ጀምሩ ነው የምለው። በምርት ወቅትና በእጥረት ወቅት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትርፍ የሚሆነው የመብራት ሂሳብ ካልበላው ነው። ያንን ሂሳብ ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው ኢንሱሌሽኑ፣ ማለትም ሙቀት መከላከያ ሽፋኑ ነው።

በመጀመሪያ ምን ልታስቀምጡ ነው?

ቡና፣ ጤፍና ሰሊጥ የሚፈልጉት ደረቅና አየር ያለው መጋዘን ነው። ቀዝቅዞ የቆየ የቡና ጆንያ ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል፣ እርጥበቱም ጥራቱን ይጎዳል። ቀዝቃዛ ክፍል የድንችና የነጭ ሽንኩርት ነገር ነው። ዘር ድንች 4 ዲግሪ አካባቢና ከ90 በመቶ በላይ የአየር እርጥበት ይፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ 0 ዲግሪ አካባቢና ከ60 እስከ 70 በመቶ እርጥበት። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ክፍል አይጋሩም። የደጋው ብርድ ብቻውንም ለነጭ ሽንኩርት አይበቃም፤ ከ5 እስከ 18 ዲግሪ ባለው መካከል ሲቀመጥ እንዲያውም ቶሎ ያቆጠቁጣል።

«ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ይበቃል»

ይህን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ጎንደር ያደግን ሰዎች የፋሲል ግንብ ውስጥ ገብተን ቀዝቀዝ ሲለን ድንጋይና ኖራ ሙቀት የሚከለክል ይመስለናል። ወፍራም ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ ሙቀት በመከልከል 2 ሳንቲ ሜትር ፎም አያህልም።

ሂሳቡን እንሥራው። 6 በ5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ፤ ግድግዳው 66 ካሬ ነው። የውጭው የቀንና የሌሊት አማካይ 22 ዲግሪ፣ ውስጡ 4 ዲግሪ ይሁን። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት ብቻ ከሆነ በሱ በኩል ወደ 3,000 ዋት ሙቀት ይገባል። 10 ሳንቲ ፎም ሲጨመርበት ወደ 400 ዋት ይወርዳል። ማሽኑ በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 2.5 ያህል ሙቀት ያወጣል ብንል፣ ለግድግዳው ብቻ በቀን ወደ 29 ኪሎዋት ሰዓት የነበረው ወደ 4 ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ክፍሉ ውስጥ 10 ቶን ድንች ካለ፣ ጣሪያውና ወለሉም ከተሸፈኑ፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ለመጨመር 9 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ከሆነ ግን 3 ሰዓት አይሞላም። እኛ አገር ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

የግድግዳ ምርጫ

1. ነጭ ፎም (ኢፒኤስ)፦ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከፖሊዩሬቴን ፓነል ይቀላል። ለዘር ድንች 10 ሳንቲ፣ ለነጭ ሽንኩርት ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ያዙ። ስትገዙ በዓይን አትመኑ፣ ሚዛን ላይ አውጡት። 1 በ2 ሜትር የሆነ ባለ 10 ሳንቲ ፎም፣ ጥግግቱ 20 ኪሎ በሜትር ኩብ ከሆነ፣ 4 ኪሎ መመዘን አለበት። 2 ኪሎ ተኩል ከመጣ የዕቃ ማሸጊያ ዓይነት ነው።

2. የፖሊዩሬቴን ሳንድዊች ፓነል፦ 7 ሳንቲው የ10 ሳንቲ ፎም ሥራ ይሠራል። ሁለቱም ፊቱ ቆርቆሮ ስለሆነ ይታጠባል፤ ለድንች እርጥበት ይመቻል። ውድ ነው፣ ግን ተፈትቶ ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል። በኪራይ ግቢ ለምትሠሩ ይሄን አስቡበት።

3. ጭድ በጭቃ፦ ርካሽ ነው፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስም ሙቀት ይከለክላል። ነገር ግን ከፎም ይልቅ ብዙ ውፍረት ይፈልጋል፣ ከራሰም ይበሰብሳል። ማሽን ለሚገባበት ክፍል አልመክርም።

የትኛውንም ብትመርጡ ላስቲኩ እንዳይረሳ። እርጥበት ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ስለሚጓዝ፣ የእርጥበት መከላከያው ላስቲክ ከፎሙ በውጭ በኩል ነው የሚገባው። መጋጠሚያው 15 ሳንቲ ያህል ተደራርቦ በቴፕ ይታሸግ። ውኃ የጠጣ ፎም ሙቀት መከልከሉን ያጣል፣ ማሽኑም እረፍት አያገኝም። ብየዳ ካለ ደግሞ ፎሙ ከመግባቱ በፊት ይለቅ፤ ፎም በቀላሉ ይቀጣጠላል። አይጥም ፎም ውስጥ ጎጆ መሥራት ስለሚወድ ከታች በኩል ወንፊት ሽቦ አድርጉ።

ወለሉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። «መሬት ቀዝቃዛ ነው» ይባላል፤ ከክፍሉ ጋር ሲነጻጸር ግን መሬት ሞቃት ነው። አየሩ ሌሊት ይበርዳል፤ ከወለሉ ሥር ያለው አፈር ግን የዓመቱን አማካይ ሙቀት ይዞ ቀንም ሌሊትም ያሞቃል።

ለወለል የምመርጠው ኤክስፒኤስ የሚባለውን ጠጣር ፎም ነው። ውኃ አይጠጣም፣ የጆንያ ክምርና የጋሪ ጎማ ጫናም ይችላል። ለዘር ድንች ክፍል 5 ሳንቲ፣ ለ0 ዲግሪ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ይበቃል። ከታች ወደ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ የተጠቀጠቀ ሶሊንግ፣ ስስ ኮንክሪት፣ ላስቲክ፣ ኤክስፒኤስ፣ እንደገና ላስቲክ፣ ከላይ 10 ሳንቲ ባለ ፌሮ ኮንክሪት። የወለሉ ፎም ከግድግዳው ፎም ጋር መገናኘት አለበት፤ በመካከል ኮንክሪት ከገባ ሙቀቱ በዚያ ይገባል። እንደ ደምቢያ ሜዳ ዋልካ አፈር ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፤ ክረምት ሲያብጥ ወለሉን ይሰነጥቀዋል።

ጨርሶ የማያስፈልጋችሁስ?

ደባርቅና ዳባት ላይ ዘር ድንች ብቻ የምታቆዩ ከሆነ፣ በለጠም ይሁን ጉደኔ፣ ቀጥታ ፀሐይ ሳይመታው ብርሃንና አየር የሚያገኝበት የመደርደሪያ መጋዘን ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ብርሃኑ ቡቃያውን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል፣ የመብራት ሂሳብም የለበትም። የዩኒየን ገንዘብ የአባላት ገንዘብ ነውና መጀመሪያ ይሄን አመዛዝኑ።

ግንባታ የምትገቡ ግን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አስገቡ፦ የፎሙን ዓይነትና ጥግግት፣ የግድግዳውንና የወለሉን ውፍረት በሳንቲ፣ የላስቲኩን ቦታ። ልስንና ኮንክሪት ከለበሰ በኋላ ማንም አያየውም።

መልካም ገበያ!