ላሊበላ በስምንት ምት

አዲስ ተማሪ ኪቦርድ ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሀሁ የት ነው?» ብሎ ነው። አልፈርድበትም። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ፊቱ የተዘረጋው ሰሌዳ ግን የላቲን 26 ፊደል ብቻ ይዟል።

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ብዙ አልልም። ሞኒተሩ ያሳያል፣ ማውሱ ይጠቁማል፣ ፕሪንተሩ ያትማል። ጠረጴዛ ሥር ያለውን ሳጥን «ሲፒዩ» ማለት ግን ይቅር፤ ሲፒዩ ሳጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካች፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ነገር ናት። ሳጥኑን በስሟ መጥራት ቤቱን በሙሉ ምድጃ እንደ ማለት ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ይዛችሁ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ እንዳትወጡም አደራ። የዲስኩ አንባቢ በአየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚሠራው፤ አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አያሰጋም፤ ተራራው ግን ከ4,200 ሜትር ያልፋል።

ወደ ፊደሉ እንመለስ። ኢንጂነር አያና ብሩ በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር፤ ይህ ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት ይግባ? በጽሕፈት መኪናው የፊደሉ አካልና የአናባቢው ቅጥያ ለየብቻ ይመታ ነበር። ኮምፒውተር ቅጥያውን አይለጥፍም፤ ፊደሉን ራሱን ይለውጠዋል።

ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ በድምፅ የሚያስጽፉ ሶፍትዌሮች ላይ «ኤል»ን ሲመታ ለ ሳይሆን ል ይወጣል። «ተበላሽቷል» ይለኛል። አልተበላሸም። እኛ ከግዕዝ ጀምረን ስንቆጥር ኪቦርዱ ከሳድስ ይጀምራል። ሳድሱን ከመታችሁ በኋላ «ኢ» ወደ ግዕዝ፣ «ዩ» ወደ ካዕብ፣ «አይ» ወደ ሳልስ፣ «ኤ» ወደ ራብዕ፣ «ኦ» ወደ ሳብዕ ይወስደዋል። ኃምስ ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል።

ይህን ሳብራራ ከሁሉ ቀድሞ የገባው አንድ የአቋቋም ተማሪ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ብዙም አልገፋም፤ ቤቶቹን ግን እንደ ዳዊቱ ያውቃቸዋል። ከልምዱ የተነሣ እኔንም «የኔታ» ይለኛል። «የኔታ፣ እንግዲህ ሳድሱን አስቀድሜ ወደ ራብዕ ልስደደው?» አለና ላሊበላን በስምንት ምት ጻፈ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሁለት። ላስታ አምስት ብቻ ሆነበትና ቆጠራ የሳተ መስሎት ተጨነቀ። ስ ሳድስ ስለሆነ አንድ ምት ይበቃዋል።

እሱ የጻፈው በሁለት እጁ ነው፤ ሌሎቻችሁ ግን በአንድ ጣት ምስር ትለቅማላችሁ። «ኤፍ» እና «ጄ» ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ለጌጥ አልተሠራችም፤ ሁለቱን ሌባ ጣቶች ያለ ዓይን ቤታቸው የምትመልስ ምልክት ናት። የቡና ስኒም ከኪቦርድ ይራቅ።

ሌላው የሚያስቆጨኝ የድሮ ፋይል ነው። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ፣ በአንዱ የተጻፈ ማመልከቻ በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆናል። ዛሬም እንዲህ ያለ ፋይል በፍላሽ ይዞ የሚመጣ አለ፤ «ቫይረስ ገባበት» ይላል። ፎንቱን ብታመጣለት ይነበብ ነበር።

ለፈተና ሁልጊዜ የምሰጠው «ቤተ መድኃኔዓለም»ን ነው። አብዛኛው ሰው ሀ እና አ አስገብቶ ይገላገላል። ኃ እና ዓ እንደ ሶፍትዌሩ ሺፍት ወይም ድርብ ምት ይጠይቃሉ፤ ስንፍና እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። የአቋቋሙ ተማሪ ዓን ቶሎ አገኘው። ኃ አስቸገረው። ሰዓቱ ደርሶ ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየሞከረ ቀረ፤ እኔም እንዳልነግረው ለመነኝ።