ሰባት አባት ቆጥረን ስንት እናት አጣን

በ2009 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዴን ይዤ፣ አዲስ የድምፅ መቅጃ ገዝቼ፣ የቤተሰባችንን ታሪክ ልሰበስብ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አራት ቀን ተቀመጥኩ፤ ሦስት ሰዓት የሚሆን ድምፅ ቀዳሁ። ሁለቱ ሰዓት ከጎረቤት ጋር ስለነበረ የድንበር ክርክር ነው። የቀረው ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት፣ የሚሳቅበት ቦታ እንኳ የማይለወጥ የቤት ወግ ነው። የአያቴን እናት ስም ሳልጠይቅ ተመለስኩ። መቅጃው እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ሌላ ዘዴ ይዣለሁ። በየማታው ወጡ እስኪሞቅ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴ አክስቴን በስልክ፣ አንዳንዴ አጎቴን፤ ሰው ካጣሁ በእጄ ያለውን አንድ አሮጌ ወረቀት አገላብጣለሁ። መልሱን በባለ መስመር ደብተር ላይ ከነቀኑና ከነነገረኝ ሰው እጽፋለሁ። ከሩብ ሰዓት በልጦ አያውቅም። አሁን ሁለተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ይህን ለወዳጆቼ ሳወራ የሚሰጡኝ መልስ ግን የተማከሩ ይመስል አንድ ዓይነት ነው።

«ጊዜ ሳገኝ አገር ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ»

እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ነገር ግን ትዝታ በቀጠሮ አይመጣም። ሽማግሌ መቅጃ ፊት ሲቀመጥ የሚያወራው ብዙ ጊዜ ያወራውን፣ ተወልውሎ የተቀመጠውን ነው። የተረሳው ብቅ የሚለው ጥያቄው ካለፈ በኋላ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ወይም እንግዳ ሲሸኝ ነው። አንድ ማክሰኞ ማታ አክስቴን «የአያቴ እናት ስማቸው ማን ነበር?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ ልጄ፤ እኛ እማማ ነበር የምንላቸው» አሉኝ። ዓርብ ጠዋት ሥራ ቦታ ስልኬ ጠራ። «ያ የጠየቅኸኝ ስም መጣልኝ! ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የአንዲት ሴት ፍትሐት ሲደርስ ስሟን ሲጠሩ ብሰማ፣ የሳቸው ነው ብዬ ክው አልኩ።»

ሦስት ቀን መፍጀቱ ነው ቁም ነገሩ። ጥያቄ እንደ ሊጥ አድሮ ይቦካል፤ በአራት ቀን ጉብኝት ሁሉን አቡክቶ ሁሉን መጋገር አይቻልም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰውም ለዚህ የአውሮፕላን ትኬት መጠበቅ የለበትም። እናቱን በየቀኑ በስልክ ሰላም የሚል ከሆነ፣ ሰላምታው ላይ አንዲት ጥያቄ መጨመር ብቻ ነው የቀረው።

«ልማድ በ21 ቀን ይይዛል»

ይህን ከአነቃቂ ንግግሮች የምንሰማው ነው። መነሻው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሰውዬው የታዘበው ታካሚዎቹ አዲሱን ገጽታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ነበር። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች። የለንደኗ ተመራማሪ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ 96 ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት ሌላ ነው፤ አዲስ ድርጊት ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል። እንደ ሰዉና እንደ ሥራው ግምታቸው ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም አይተዋል።

እኔ በመጀመሪያ ከመኝታ በፊት ብዬ ነበር፤ ሁለት ሳምንት አልቆየም። የያዘልኝ ነባር ነገር ላይ ስለጥፈው ነው። ወጥ በየማታው ይሞቃል። ቡና የሚፈላበት ቤት ደግሞ የበለጠ ዕድለኛ ነው፤ አቦሉ የሰፈር ወሬ ይሁን፣ ቶናው ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይጠየቅ። 254 የምትለዋን ቁጥር ያዙልኝ።

«ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፤ ዘሬን አውቃለሁ»

በኩራት ከሚነገሩት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። የኛ የከተማ ሰው ሰባት ቤት ቆጠርኩ ሲል አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ሰባት ወንዶች ጠርቶ ማለቱ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ወላጆች ሁለት ናቸው፣ አያቶች አራት፣ ቅድመ አያቶች ስምንት፤ እንዲህ እየተባዛ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ይሆናል። ሲደመር 254። (ከላሊ ጥናት ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ ለማስታወስ ግን ይመቻል።) ሰባት አባት የሚጠራ ሰው ከ254 ሰባቱን ነው የሚያውቀው። ዘመድ ከዘመድ ካልተጋባ ግማሾቹ፣ 127ቱ፣ ሴቶች ናቸው፤ በእሱ ቆጠራ አንዲትም አልተጠራችም።

ነባሩ ቆጠራ እንዲህ አልነበረም። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር በእናትም በአባትም ነበር፤ ዝምድና በእናት በኩልም ያው ዝምድና ነውና። በርስት አገርም እንዲሁ። በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ ሰው መሬቱን ያቀናውን አባት በእናቱም በአባቱም መስመር እየቆጠረ፣ በሴት አያቱ በኩል የደረሰችውን ድርሻ ይጠይቅ ነበር። የሴት አያቱን አባት የማያውቅ ገበሬ እርሻ ያጣል። የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት የሆነበት የየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ሲመጣ ርስት ቀረ፤ ቆጠራውም ሥራ ፈታ። ሴቶቹ ከአፋችን የወጡት ያኔ ይመስለኛል፤ ሙግት የማያሸንፍ ስም ማን ይሸመድዳል?

የስማችን ሥርዓት ደግሞ ብዙዎቻችን ያልተጠቀምንበት በረከት አለው። የኛ ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያገባች ሴት በባሏ ቤተሰብ ስም ውስጥ ስትሰወር፣ እዚህ የአንዲት አያት ሙሉ ስም ሲገኝ አባቷና ወንድ አያቷ አብረው ይገኛሉ። እኔ የአያቴን እናት ስም ከነአባታቸው ባገኘሁበት ዓርብ በደብተሬ ላይ ሦስት ሰው ጨመርኩ፤ የአባታቸው ወንድም ደግሞ የአጎቴ ክርስትና አባት ሆነው ተገኙ።

«አባቶች የነገሩን ቆጠራ አይሳሳትም»

ይሳሳታል፤ አንዳንዴም ሆን ተብሎ። አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1950ዎቹ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ገብቶ የርስትን ነገር አጥንቷል። መጽሐፉ የሚያሳየው የዘር ቆጠራ ለሙግት የሚቀርብ ማስረጃ እንደነበር ነው፤ ለማስረጃ የሚቀርብ ነገር ደግሞ እንደ ተከራካሪው ይረዝማል፣ ያጥራል። ስለዚህ የሰማሁትን ሁሉ «እገሌ እንዳሉት» ብዬ እጽፋለሁ እንጂ «ነው» ብዬ አልጽፍም።

ሐሰት ሳይኖር የሚመጣም ስሕተት አለ። በደብተሬ ሁለት ወንድማማች ብዬ ያሰፈርኳቸው ሰዎች አንድ ሰው ሆነው አረፉ፤ አንዱ የመጠሪያ ስማቸው፣ ሌላው የክርስትና ስማቸው ነበር። ለወራት ነው የለፋሁበት። የፈታችው ጥያቄ አጭር ነበረች፤ «ፍትሐቱ በማን ስም ነበር?» ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምትሸኘው በክርስትና ስሙ ነው። ሦስተኛ ስምም አለ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደተባሉት፣ ፈረስ የነበረው ቅድመ አያት በፈረሱ ስም ብቻ ሲታወስ ሊገኝ ይችላል። ወሎ ከሆናችሁ ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊም ስም በአንድ ሐረግ ላይ ሲፈራረቅ ብታዩ የመዝገብ ስሕተት ነው ብላችሁ አትሰርዙት።

«እኛ ወረቀት የለንም»

ከፊሉ እውነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ክፍሉ ሥራ ላይ ሳይውል ኖረ። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ»ም የታወቁ ሰዎች ነው፤ የኔን ቅድመ አያት አይጨምርም።

ግን ወረቀት ማለት የመንግሥት መዝገብ ብቻ ነው ያለ ማን ነው? የሰማንያ ውል ላይ ምስክርና ዋስ ሆነው የፈረሙት አብዛኛውን ጊዜ አጎቶች ናቸው። የእድር መዝገብ ለማን ሞት እንደሚከፈል ሲዘረዝር የአባልን ወላጆች በስም ያስቀምጣል፤ የሰፈራችሁ እድር አሮጌውን መዝገብ ሳይጥለው ጸሐፊውን ጠይቁ። የግብር ደረሰኝ፣ የርስት ክርክር የፍርድ ግልባጭ፣ የኒካ ወረቀት፣ የፎቶ ጀርባ አለ። በየደብሩ ባሉ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ተጽፎ ይገኛል፤ ከእነዚህ መጻሕፍት በሺሕ የሚቆጠሩት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀምጧል። ሚኒሶታ ያለ አበሻ ይህን ልብ ይበል።

«አያቴ የተወለዱበትን ቀን አያውቁም»

ያውቃሉ፤ የሚያውቁት በሌላ ሰሌዳ ነው። የኔ አያት መታወቂያ መስከረም 1 ቀን 1925 ይላል፤ የሞላው ጸሐፊ የፈጠረው ነው። እሳቸው የሚሉት ግን «በበዓታ ማግሥት፣ ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ» ነበር። እንፍታው። ታላቁ በዓታ ታኅሣሥ 3 ነው፤ ማግሥቱ ታኅሣሥ 4። ጣልያን የገባው በ1928፤ እሱን አንድ ብለን ስንቆጥር ሦስተኛው 1930 ነው። ማረጋገጫው ወንጌላዊው ነው፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሉና ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 1930 ቀሪው 2 ነው፤ ማርቆስ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1937 መሆኑ ነው። እውነተኛ ቀን፣ ከነማረጋገጫው፣ ከአንዲት ካልተማረች ሴት አፍ።

አጎቴ «ሉቃስ ነው» ብለው ተከራክረውኛል። እንግዲያው 1931 ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱንም ጽፌያለሁ። ሌሎች መቁጠሪያዎችም አሉ፦ በ1880 ዓ.ም. የጀመረው ክፉ ቀን፣ የ1888ቱ ዐድዋ፣ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ። «ስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ «ጣልያን ሲወጣ ታዝሉ ነበር ወይስ ትታዘሉ?» ያዋጣል።

«ዲኤንኤ ሁሉን ይነግረኛል»

ምርመራው የሚያነጻጽራችሁ በመርማሪው ድርጅት መዝገብ ውስጥ ምራቁን ካስቀመጠ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ የመንዝ ዘመዶቻችሁ እዚያ የሉም። ከሰባተኛው ቤት አንድ ሰው በአማካይ ከዲኤንኤያችን ከመቶ አንድ የማይሞላ ነው የሚያደርሰን፤ ጭራሽ የማያደርስም ይኖራል። በሕፃንነቱ በጉዲፈቻ ውጭ አገር ለሄደ ሰው ግን ይህ ብቸኛው በር ሊሆን ይችላልና አላጣጥለውም።

«ዘር መቁጠር ዘረኝነት ነው» የሚሉኝም አሉ። ወደ 254ቱ ጥቂት እንደተጠጋችሁ አንድ ቋንቋ፣ አንድ አገር፣ አንድ ሃይማኖት ብቻ ያለበት ሐረግ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር ታዩታላችሁ፤ የዘር ኩራት የሚመቸው ሰባት ወንድ ብቻ ለሚቆጥር ሰው ነው። ይልቅ የሚከብደው ሌላው ነው። በየቤቱ የተሸፈነ ነገር አለ፤ ደም፣ ባርነት፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በእጅ ሙያው የተናቀ አያት። በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው አንድ ቀን እዚያ ላይ መድረሱ አይቀርም።

እኔ ባለፈው ጥር ደረስኩ። አያቴ ወንድ አያቴን ከማግባታቸው በፊት ሌላ ባል ነበራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ሰማንያው ላይ ያየሁት አንድ ቃል ነበር ያጠራጠረኝ። አክስቴ ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ረጅም ነገር ነገሩኝ፤ ወጡ ገንፍሎ ምድጃው ላይ እስኪፈስ ድረስ። ሲጨርሱ «ይህን ግን እኔ እያለሁ አትጻፈው» አሉኝ። እሺ አልኩ። በዚያ ምሽት ገጽ ላይ ቀኑና የአክስቴ ስም ብቻ አለ፤ ከሥሩ ሃያ አራት ባዶ መስመር። በማግሥቱ የጠየቅኳቸው ስለ በሬዎቻቸው ስም ነው።