ከጭንብሉ ጀርባ፦ የቤዝቦል ያዥ ሙያና የሮይ ካምፓኔላ ሕይወት

በትምህርት ቤታችን ስለ ስፖርት ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው እግር ኳስ ነው፤ ቀጥሎ ሩጫ። ቤዝቦልን አብዛኞቻችን የምናውቀው በፊልም ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከጨዋታው አንድ ሙያ መርጠን ለውድ አንባቢያን እናስተዋውቃለን፤ እርሱም የያዥ ሙያ ነው። አንድ ሰው በዚህ ሙያ እንዴት እንደሚያድግ፣ ምን እንደሚያስከፍለውና የመጫወቻው ዘመን ሲያበቃ ምን እንደሚተርፈው በአሜሪካዊው ሮይ ካምፓኔላ ሕይወት እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የያዡ ሥራ ምንድን ነው?

በቤዝቦል አንዱ ቡድን በተራው ሲመታ ሌላው ዘጠኝ ተጫዋቾች አሰልፎ ይከላከላል። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል። ካልመታት፣ ከጀርባው ቁጢጥ ብሎ የሚቀበላት ሰው ያዥ ይባላል። ኳሷ ጠንካራ ናት፤ ክብደቷ 145 ግራም ያህል ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትወረወር ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ ትደርሳለች። ስለዚህ ያዡ ፊቱን በጭንብል፣ ደረቱንና ቅልጥሙን በመከላከያ ይሸፍናል፤ በእጁም ወፍራም የቆዳ ጓንት ያጠልቃል። እንዲያም ሆኖ የጣት ስብራትና የጉልበት ሕመም ከሙያው አይለዩም።

ያዡን ከእግር ኳስ በረኛ ጋር ማመሳሰል ይቻል ይሆናል፤ ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ከተከላካዮቹ ሁሉ መላውን ሜዳ ፊት ለፊት የሚያየው እርሱ ብቻ ነው። ወርዋሪው ፈጣን ኳስ ይወርውር ወይስ የምትታጠፍ፣ በጣቶቹ ምልክት ይጠቁመዋል። ለዚህም የእያንዳንዱን መቺ ብርታትና ድክመት በቃሉ መያዝ አለበት። የተቃራኒ ቡድን ሯጭ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሾልኮ ሲሮጥ ደግሞ ከቁጢጡ ብድግ ብሎ ኳሷን 39 ሜትር ያህል መወርወር ይጠበቅበታል። ወርዋሪው ሲደናገጥም ሄዶ የሚያረጋጋው እርሱ ነው።

የካምፓኔላ ጉዞ

ሮይ ካምፓኔላ በ1921 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጣልያን ዝርያ ያላቸው፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ የቤዝቦል ሊጎች ለጥቁሮች ዝግ ስለ ነበሩ፣ በ1937 ገና በ15 ዓመቱ በጥቁሮች ሊግ መጫወት ጀመረ። 16 ዓመት ሲሞላውም ትምህርቱን አቋርጦ ሙሉ ጊዜውን ለጨዋታው ሰጠ። የሙያውን ምስጢር ያስተማረው ቢዝ ማኪ የተባለው አንጋፋ ያዥ ነበር። ኑሮው ከባድ ነበር፤ ተጫዋቾቹ በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓዙ ያድሩና አንዳንዴ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር።

በ1946 የብሩክሊን ዶጀርስ ክለብ አስፈርሞ ናሹዋ ወደተባለች ትንሽ ከተማ፣ ወደ ታችኛው ቡድኑ ላከው። በዚያው ዓመት በአንድ ጨዋታ አሰልጣኙ ዋልተር አልስተን በዳኛ ከሜዳ ሲባረር፣ ቡድኑን እንዲመራ የተደረገው ካምፓኔላ ነበር። ጥቁር ሰው ከነጮች ጋር መጫወቱ ራሱ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነጮችን መራ፤ ጨዋታውንም አሸነፉ። ያዥ ምን ያህል ጨዋታ አዋቂ መሆን እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን የቀለሙን አጥር ሰበረ፤ ካምፓኔላም በ1948 በ26 ዓመቱ ዋናውን ቡድን ተቀላቀለ። በ1951፣ በ1953ና በ1955 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በ1953 ብቻ 41 ጊዜ ኳሷን ከአጥር ውጪ አውጥቷል። በ1954 የግራ እጁ ተጎድቶ የመምታት ብቃቱ ክፉኛ ቢወርድም በዓመቱ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በ1955 ብሩክሊን ቀደም ሲል አምስት ጊዜ በፍጻሜ ያሸነፈውን ኒው ዮርክ ያንኪስን ረታ። በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ የ23 ዓመቱን ወርዋሪ ጆኒ ፖድረስን ከጭንብሉ ጀርባ ሲመራ የዋለው ካምፓኔላ ነበር፤ ያንኪስ አንድም ነጥብ ሳያገኙ 2 ለ 0 ተሸነፉ።

ከአደጋው በኋላ

ጥር 28 ቀን 1958 ሌሊት መኪናው በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ከስልክ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ተገለበጠ። አንገቱ ተሰበረ፤ ከትከሻው በታች ሽባ ሆነ። ዕድሜው 36 ነበር። ክለቡ በዚያው ዓመት ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሮ ስለ ነበር፣ በአዲሱ ከተማ አንድም ቀን አልተጫወተም። ሆኖም በግንቦት 1959 ለእርሱ ክብር በተዘጋጀ ጨዋታ ላይ 93,103 ሰዎች ተገኙ። የስታዲየሙ መብራት ጠፍቶ ተመልካቹ ክብሪት ሲለኩስ፣ የቡድን ጓደኛው ፒ ዊ ሪስ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ ወደ ሜዳ አስገባው።

ታሪኩ ግን በዚያ ምሽት አላበቃም። በ1969 ስሙ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ተመዘገበ፤ ከጃኪ ሮቢንሰን ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በኋላም ለዶጀርስ ሠርቷል፤ በልምምድ ሜዳ ዳር በወንበሩ ተቀምጦ ወጣት ያዦችን ይመክር ነበር። በ1993 በ71 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከአደጋው በኋላ 35 ዓመት ኖሯል። በዋናው ሊግ የተጫወተው ግን አሥር ዓመት ብቻ ነው።

እኛ ትኩረት የሰጠነው ለእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። ከመካከላችን ስፖርተኛ የመሆን ምኞት ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ምኞታቸውም መልካም ነው። ነገር ግን ጉልበት የሚሰጠው ዘመን አጭር ነው፤ በአንድ ሌሊትም ሊያልቅ ይችላል። ካምፓኔላ እጁን ማንሳት ሲያቅተው ያልተወሰደበት፣ ከቢዝ ማኪ የተቀበለውና ራሱም በሜዳ ያካበተው እውቀት ነበር። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻችሁን ከሜዳ አትከልክሏቸው፤ ተማሪዎችም ለልምምድ የምንተጋውን ያህል ለደብተራችን እንትጋ። ከጨዋታ በኋላ ለሌላው የምናካፍለው ነገር እንዲኖረን የሚያደርገው ይህ ነው።