የጎ-ካርት ሞተሮች፦ ጉልበት፣ ዕድሜ እና የምንተነፍሰው አየር



ጎ-ካርት ለሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ነው። ከብረት ቱቦ የተበየደ ቻሲ፣ አራት ትንንሽ ጎማዎች፣ መሪ፣ ፍሬን፣ ከነጂው ጎን የተቀመጠ አንድ ሞተር፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ አክሰል የምታደርስ ካቴና፤ ከዚህ ያለፈ ብዙ ነገር የለውም። ንዝረት የሚያለዝብ ባሌስትራ እንኳ አልተሠራለትም። ስለዚህ የሞተሩ ጠባይ ሳይሸፈን በቀጥታ ነጂው ዘንድ ይደርሳል። ዛሬ የማስረዳው ሦስቱን የሞተር ዓይነቶች ነው። «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው የሚመለሰው ግን ማን እንደሚነዳው፣ የት እንደሚነዳና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ሲታወቅ ብቻ ነው።

የካርት ሞተር ታሪክ የሚጀምረው በውሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በካሊፎርኒያ የእሽቅድምድም መኪና ሠራተኛ የነበረው አርት ኢንግልስ የመጀመሪያውን ካርት ሲሠራ የገጠመበት ለሣር ማጨጃ ታስቦ የተመረተ ትንሽ ባለሁለት ምት ሞተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የሞተር መጋዝ አምራቹ ማካሎክ ለካርት ተብሎ የተዘጋጀ ሞተር ለገበያ አቀረበ። የካርት ሞተር ከእርሻና ከደን መሣሪያ የተወለደ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ዛሬም ዝምድናው አልተቋረጠም።

በመጀመሪያ ባለሁለት ምት ሞተርን እንመልከት። በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ ሲወርድ ሥራው ሁሉ ይጠናቀቃል። ሲወጣ በላዩ ያለውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ያምቃል፤ በሥሩ ደግሞ አዲስ ድብልቅ ይስባል። ካንዴላው ሲያቀጣጥል ፒስተኑ ተገፍቶ ይወርዳል፤ በመውረዱም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታል። በአንዱ ጭሱ ይወጣል፣ በሌሎቹ አዲሱ ድብልቅ ይገባል። ከአዲሱ ድብልቅ ከፊሉ ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር የማምለጥ ጠባይ አለው። የእሽቅድምድም ሞተር ማርሚታ መሐሉ አብጦ ጫፉ የሚጠብበው በዚህ ምክንያት ነው፤ የግፊት ሞገድ ወደ ኋላ እየመለሰ ያመለጠውን ወደ ሲሊንደሩ እንዲገፋ ተደርጎ ተቀርጿል። የማለስለሻ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይቃጠላል።

ባለአራት ምት ሞተር እነዚህን ተግባራት ለየብቻ ያከናውናቸዋል። መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምት አላቸው። መግቢያውና መውጫው በቫልቭ ይዘጋል፤ ዘይቱም በታችኛው ማጠራቀሚያ ተቀምጦ በየጊዜው ይለወጣል። የክራንክ ዘንጉ ሁለት ጊዜ ዞሮ ሞተሩ የሚያቀጣጥለው አንድ ጊዜ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ። በኪራይ ካርቶች ላይ የተለመደው ባለአራት ምቱ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተር 163 ሲሲ ሆኖ በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ 5 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። የውድድር ሞተር የሆነው የኦስትሪያው ሮታክስ ማክስ 125 ሲሲ ብቻ ሆኖ በደቂቃ 11,500 ዙር አካባቢ ወደ 30 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ትንሹ ትልቁን ስድስት እጥፍ በለጠ ማለት ነው። ምሥጢሩ ያለው በቆጠራው ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው በደቂቃ 1,800 ጊዜ፣ ሁለተኛው 11,500 ጊዜ ያቀጣጥላል። ከአንድ ማቀጣጠል የሚገኘው ሥራ በሁለቱም ዘንድ ተቀራራቢ ነው።

ይህ ጥድፊያ ግን ዋጋ አለው። የውድድር ባለሁለት ምት ሞተር ተፈትቶ ፒስተኑ የሚለወጥበት ጊዜ የሚቆጠረው በአሥርት በሚሆኑ የሥራ ሰዓታት ነው። ያ ባለአራት ምት ሞተር ግን በውኃ መሳቢያ ፓምፕና በጄኔሬተር ላይ የሚገጠም በመሆኑ፣ ዘይቱ በጊዜው ከተለወጠለት ለብዙ መቶ ሰዓታት ሳይሰለች ይሠራል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአባቶቻችን አባባል ለሞተር ነዳፊም ይሠራል። አንዳንድ የውድድር ደንቦች ባለአራት ምት ሞተርን በፋብሪካ አሳሽገው የሚያሰልፉትም የወላጅ ሀብት ሳይሆን የልጁ ችሎታ እንዲለካ ብለው ነው።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ካርቡሬተር፣ ካንዴላና ማርሚታ የለውም። የመዞር ኃይሉን ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪውም ከዳር ሆኖ የሁሉንም ካርቶች ፍጥነት በአንድ ጊዜ ሊገታ ይችላል። በአንጻሩ ባትሪው ከባድና ውድ ነው፤ በየመሐሉ ኃይል መሙላት ይፈልጋል፤ ከተጎዳ ደግሞ ለማጥፋት የሚያስቸግር እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

እስካሁን የተናገርኩት በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ግን ሌላ ሒሳብ ይጨመራል። አየሩ ስስ ስለሆነ አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ከባሕር ወለል ጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ይህስ ቀላሉ ኪሳራ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ለአየሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያሳልፋል። በቂ ኦክስጅን ያላገኘ ቤንዚን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ ነው። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ አሥር የቤንዚን ካርቶች ሲዞሩ፣ ከፊት ያለው የሚያወጣውን ከኋላ የሚከተለው ልጅ ይተነፍሰዋል። የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ስለሆኑ ወላጅ «ዙሩ አዙሮት ነው» ብሎ ያልፈዋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለሆነም ለመዝናኛ ስፍራ ባለቤትም ለወላጅም ምክሬ ይህ ነው። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የኤሌክትሪክ ካርት ይመረጥ። የቤንዚን ካርት የግድ ከሆነ ጭሱን ወደ ውጭ የሚስብ በቂ የአየር ማናፈሻና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ ይኑር። ቤንዚን የሚያሳልፈው የካርቡሬተሩ ጠባብ የነሐስ ቀዳዳም ለከፍታው በሚስማማ አነስተኛ ይለወጥ። ለጀማሪ በገላጣ ሜዳ ባለአራት ምት ሞተር ይበቃል፤ ዝቅተኛ ዙር ላይ ከጎማው በራሱ የሚላቀቅ ፍሪሲዮን ይኑረው። ባለሁለት ምቱ የውድድር ሞተር ለሠለጠነ ነጂና መካኒክ ላለው ቡድን ይቆይ።

ልጃችሁን ካርት ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ስለ ፍጥነቱ ብቻ አትጠይቁ። ሞተሩ ምን ዓይነት ነው? ለዚህ ከፍታ ተስተካክሏል ወይ? ጭሱስ ወዴት ይወጣል? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን በግልጽ ሊመልስላችሁ የማይችል ባለቤት ካርቶቹን ገና ለልጆች አላዘጋጀም።