የልጅ ልጅ በሒሳብ ሲቸገር፦ ለቤት የሚሆነው መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

ከሰዓት በኋላ፣ እናትና አባት ገና ከሥራ ሳይመለሱ፣ በብዙ የቤተ እስራኤል ቤቶች ለልጆች በር የሚከፍቱት አያቶች ናቸው። ምግብ ይቀርባል፣ ከዚያም ደብተር ይወጣል። በሌላው ትምህርት ደህና የሆነው ልጅ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ይጠቁራል፤ "አልችልም"፣ "ራሴን አመመኝ" ይላል። ዕብራይስጡም የሒሳቡ አሠራርም ለአያት እንግዳ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ "መምህሯ ታውቃለች" ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ሲታለፍ ግን ዋጋው ቀላል አይደለም።

ልጆች ወደ ኻቲባ፣ ማለትም ወደ ሰባተኛ ክፍል ሲያልፉ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሒሳብን በደረጃ ተከፋፍለው ይማራሉ፤ ይህ ሀቅባጻ ይባላል። ዝቅተኛው ሀቅባጻ የገባ ልጅ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል። በባግሩት ጊዜ ደግሞ ሒሳብ ባለ 3፣ ባለ 4 እና ባለ 5 ዩኒት ተብሎ ይከፈላል። ባለ 3 የባግሩት ሰርተፊኬት ያስገኛል፤ ባለ 5 ግን በዩኒቨርሲቲ ቅበላ ጊዜ ቦነስ አለው፣ ለምሕንድስናና ለኮምፒውተር ትምህርትም በር ይከፍታል። እንግዲህ ያ በር መከፈት ወይም መዘጋት የሚጀምረው በአሥራ ስምንት ዓመት አይደለም፤ በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ነው።

አንዳንድ ወላጆች ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥተው ቤት ለማስተማር ያስባሉ። በእስራኤል ከ1949 ጀምሮ የግዴታ ትምህርት ሕግ ስላለ፣ ይህን የፈለገ ቤተሰብ ከትምህርት ሚኒስቴር ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ምን እንደሚያስተምርም ያቀርባል። ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚሆነው መንገድ ግን ሌላ ነው፦ ልጁ ትምህርት ቤቱን ሳይለቅ፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ጎዶሎውን መሙላት።

ታዲያ መጽሐፍ ቤት ሄዶ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚሠራ ነገር አለ። ሒሳብ እንደ ግንብ ነው፤ ከታች አንድ ድንጋይ ከጎደለ የላይኛው ይናዳል። በአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ያቃተው ልጅ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው የሦስተኛ ክፍሉ ማባዛት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ቁጭ ብሎ፣ ሳይቆጡ፣ ጥቂት ጥያቄ መጠየቅ ነው። 8 ሲደመር 5 በጣቱ ሳይቆጥር ያውቃል? 42 ሲቀነስ 17 እንዴት ነው የሚሠራው? ከ305 እና ከ350 የቱ ይበልጣል? 6 ጊዜ 4 ማለት ምን እንደሆነ በፍሬ ደርድሮ ያሳያል? የተሰናከለበት ቦታ መጀመሪያው እሱ ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጅ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ቢይዝ ነውር የለውም። ነውር የሚሆነው በሰው ፊት "ደካማ" ተብሎ ሲሰደብ ነው።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ይመጣል። ለቤት የሚሆኑት መንገዶች በአጠቃላይ ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ትምህርት ቤቱ የሚጠቀምበት መጽሐፍ ራሱ ነው፣ የዝቅተኛው ክፍል። ልጁ ቤትና ክፍል ውስጥ ሁለት የተለያየ አሠራር አያይም፤ ጎዶሎው ትንሽ ከሆነ ይህ ይበቃል። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ መምህሯን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ከመረዳት የሚነሳ ነው። በዚህ የታወቀው የሲንጋፖር አሠራር ነው፦ ልጁ በመጀመሪያ ዕቃ በእጁ ይነካል፣ ቀጥሎ በሥዕል ያያል፣ በመጨረሻ በቁጥር ይጽፋል። የሲንጋፖር መጽሐፍት ወደ ዕብራይስጥም ተተርጉመዋል። የቴክኒዮን የሒሳብ ፕሮፌሰር ሮን አሃሮኒ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቻ ሳይቀሩ ማዓሎት ከተማ ሄደው ትንንሽ ልጆችን አስተምረዋል፤ ከዚያ ልምድ በመነሳት ለወላጆች የሚሆን የሒሳብ መጽሐፍም ጽፈዋል። አሠራሩን በቃሉ የያዘ፣ "ለምን?" ሲባል ግን ዝም የሚል ልጅ ካለ የሚጠቅመው ይህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ልምምድ ላይ የቆመ ነው፦ በየቀኑ አጭር ወረቀት፣ ቀስ በቀስ እየከበደ የሚሄድ። በጃፓን የተጀመረው ኩሞን የዚህ ዓይነት ነው፤ በ1954 አንድ መምህር ለገዛ ልጁ ካዘጋጀው ወረቀት የተነሳ ነው። የገባው፣ ግን ቀርፋፋና ቶሎ የሚረሳ ልጅ በዚህ ይበረታል። ያልገባው ልጅ ግን መቶ ወረቀት ቢሰጡት ስህተቱን መቶ ጊዜ ይደግመዋል እንጂ አይማርም።

የትኛውም ቢመረጥ፣ አያቶች "እኛ ምን እናውቃለን" ማለት የለባቸውም። በዕብራይስጥ 13 "ሽሎሽ ዔስሬ" ይባላል፤ ሦስቱ ይቀድማል፣ አሥሩ ይከተላል። በአማርኛ ግን "አሥራ ሦስት" ነው፤ አሥሩ ፊት፣ ሦስቱ ኋላ፣ ልክ በቁጥር እንደሚጻፈው። አሥርና አንድ ቤት የሚምታታበት ልጅ በአማርኛ ሲቆጥር ነገሩ ሊበራለት ይችላል።

በቃላት የሚጻፉ ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው። በዕብራይስጥ "ጋዶል ፒ ሽሎሻ" እና "ጋዶል በሽሎሻ" ለጆሮ ይመሳሰላሉ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ አንዱ "በሦስት እጥፍ ይበልጣል"፣ ሌላው "በሦስት ይበልጣል" ነው። ከ5 በሦስት እጥፍ የሚበልጠው 15 ነው፤ በሦስት የሚበልጠው ግን 8 ነው። ይህን ለማስረዳት ዲግሪ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ "የኢትዮጵያ ማባዛት" የሚባል አሠራር አለ፤ የሚፈልገው እጥፍ ማድረግና ለሁለት መክፈል ብቻ ነው። 13 በግ እያንዳንዱ በ24 ብር ቢሸጥ ስንት ይሆናል? በግራ በኩል 13 እየተከፈለ ይሄዳል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ ትርፏ ትጣላለች። በቀኝ 24 እጥፍ ይሆናል፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም 6 ያለበት መስመር ይሰረዛል። የቀረው 24፣ 96 እና 192 ሲደመር 312 ይሆናል። ልጁ ካልኩሌተር አውጥቶ ያረጋግጥ! ሒሳብ ከአያቶቹ አገር ጋር ስም ያለው ነገር መሆኑን ሲያይ፣ "ሒሳብ የእኛ አይደለም" የሚለው ሐሳብ ይለቀዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በቀን ሃያ ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ጭቅጭቅ ይሻላል። ሰንበት ዕረፍት ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ የቡና ሲኒ፣ የሱቅ ደረሰኝ ሁሉም መማሪያ ነው። ሲጨርስ "እንዴት አገኘኸው?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ መልሱን ባያውቁትም ልጁ ሲያስረዳ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች መልሶ መጠየቅ ነው። ለውጥ ካለ መቀጠል፣ ከሌለ መንገዱን መቀየር።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ከመጽሐፉ አይደለም። ዓይኑ ሰሌዳውን ላያይ፣ ጆሮው ላይሰማ ይችላል፤ ይህ በኩፓት ሆሊም ይታያል። ዲስካልኩሊያ የሚባል የሒሳብ መማር ችግርም አለ፤ ከስንፍና ጋር አይገናኝም፣ ከአእምሮ ማነስም ጋር አይገናኝም። ልጁ ብዙ ቢለማመድም የትንንሽ ቁጥሮች መጠን ከጠፋበት፣ የትምህርት ቤቱን ዮኤጼት ስለ ምርመራ (አቭሑን) ማነጋገር ያስፈልጋል። ነገሩን መደበቅ ልጁን እርዳታ ያሳጣዋል እንጂ አያስከብረውም።

ሌላ እርዳታም አለ። ፔራሕ የተባለው ፕሮግራም በዋይዝማን ተቋም ተጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ እያገኙ ልጆችን እንዲያግዙ ያደርጋል። ስለዚህ ዮም ሆሪም ላይ ቋንቋ የሚከብዳቸው አያቶች ሜጋሼር ይዘው ገብተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ልጁ በትክክል የቆመው የት ነው? ለቤት የትኛው መጽሐፍ ይሁን? ሀቅባጻ የሚወሰነው መቼና በምን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ በስድስተኛ ክፍል መጀመሪያ ከተጠየቀ፣ ለመዘጋጀት ገና ሙሉ ዓመት አለ።