አሮጌ ጀልባን ለውቅያኖስ ማብቃት

እ.ኤ.አ. በ1892 አሜሪካዊው ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ፣ ኢበን ፒርስ የተባለ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ካፒቴን አንዲት መርከብ በነፃ ሊሰጠው ቃል ገባለት። ስሎከም ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደምትገኘው ፌርሄቨን ሄዶ ሲያያት ከባሕሩ ርቃ ሜዳ ላይ በድጋፍ የቆመች፣ ዓመታት የተጫኗት የኦይስተር ማስገሪያ ጀልባ ናት። የበሰበሰውን እንጨት እየነቀለ፣ በምትኩ በዚያው አካባቢ የተቆረጠ የኦክ እንጨት እያስገባ 13 ወር ሠራባት፤ ለዕቃ ያወጣው ገንዘብ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነበር። 11 ሜትር ያህል የምትረዝመው «ስፕሬይ» በኤፕሪል 1895 ከቦስተን ተነሥታ 46,000 ማይል ተጉዛ በጁን 1898 ተመለሰች። ስሎከምም ዓለምን ብቻውን በጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ተባለ። ጀልባዋ ሞተር፣ ሬዲዮ ወይም ኤሌክትሪክ አልነበራትም። መሪዋ በገመድ ታስሮ ሸራዋ በልኩ ሲስተካከል ግን ራሷን ችላ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። ከአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ እስከ ኪሊንግ ደሴቶች ባለው የ23 ቀን መንገድ ስሎከም መሪውን የያዘው በድምሩ ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ከስሎከም ወዲህ አሮጌ የሸራ ጀልባ አድሶ ውቅያኖስ ማቋረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የሙያው ቁም ነገር ቅደም ተከተል ነው። ገንዘብና ጉልበት መጀመሪያ መዋል ያለባቸው ውሃ እንዳይገባ በሚከላከሉት፣ ምሰሶውን በሚያቆሙትና አቅጣጫ በሚያስይዙት ክፍሎች ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ዕቃ ሁሉ ከሁለት ፈተናዎች አንዱን ማለፍ አለበት፤ ወይ ባሕር መሀል በመርከበኛው በራሱ እጅ መጠገን፣ ወይ ቢበላሽም ጉዞውን አለማስተጓጎል። ብዙ እድሳት ተጀምሮ የሚቀረው ይህ ቅደም ተከተል ስለሚገለበጥ ነው። ባለቤቱ በሚታየው ነገር ይጀምራል፤ ትራሱ ይቀየራል፣ ቀለሙ ይቀባል፣ ስክሪኑ ይተከላል። ከውሃ በታች ያለው ቀዳዳና በግድግዳ የተሸፈነው ብሎን ግን እንደነበሩ ይቆያሉ፤ ገንዘቡም ተራቸው ሳይደርስ ያልቃል።

ዛሬ በርካሽ የሚገኙት አሮጌ ጀልባዎች አብዛኞቹ የፋይበርግላስ ናቸው። ካርል አልበርግ የነደፈው 8.6 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ፒርሰን ትራይተን በ1959 በኒውዮርክ የጀልባ ትርዒት ላይ ከቀረበ በኋላ 700 ያህል ተሠርቷል፤ ከእነዚያ መካከል ዓለምን የዞሩ አሉ። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፣ እንደ ብረትም አይዝግም። ስለዚህ በዚያ ዘመን በወፍራሙ የተሠራ ቀፎ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎትም ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሚያረጀው በቀፎው ላይ የተገጠመው ነገር ነው። ሰው የሚራመድበት የላይኛው ወለል በብዙዎቹ ጀልባዎች ላይ ሁለት ስስ የፋይበርግላስ ንጣፎች ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት በመሀላቸው ይዘው የተጣበቁበት ነው። በእያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ውሃ ሰርጎ ሲገባ ባልሳው ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። መርማሪው ትንሽ መዶሻ ይዞ ወለሉን ክንድ በክንድ ያንኳኳል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ጥገናው አድካሚ ቢሆንም ረቂቅ አይደለም፤ የላይኛው ንጣፍ ተቆርጦ ይነሣል፣ ብስባሹ ይጠረጋል፣ አዲስ እንጨት ገብቶ በላዩ ፋይበርግላስ ይለበጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምሰሶውን ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ወጥረው የያዙት የሽቦ ገመዶችና ገመዶቹ ከጀልባዋ ጋር የሚታሰሩባቸው የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። የማይዝግ የሚባለው ብረት አየር በማያገኝበትና ጨዋማ ውሃ በተኛበት ጠባብ ቦታ ይበላል። ሰሌዳው ወለሉን አልፎ በሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ ያለው ክፍል እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ከላይ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ተነቅሎ ሲታይ መሀሉ ተሰንጥቆ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሽቦዎቹን ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር የተለመደ ነው፤ ከአሮጌ ጀልባ ጋር የመጣ ሽቦ ዕድሜው ካልታወቀ ይቀየራል። ከውሃ በታች ያሉት የመታጠቢያና የሽንት ቤት ቀዳዳዎች ቫልቭም ከዚሁ ወገን ነው። ናስ ባሕር ውስጥ ሲቆይ ጨዋማው ውሃ ዚንኩን ይበላበትና ሮዝ መልክ ያለው ተሰባሪ ብረት ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ ቫልቩ ነሐስ መሆን ይገባዋል። ከውሃው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ የተከፈተ አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። ብልህ መርከበኛ የማያስፈልገውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በቀሩት ቫልቮች አጠገብ ደግሞ በልኩ የተጠረበ የእንጨት ውታፍ ያስራል።

እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ቀላልነት ራሱ እንደ መሣሪያ ያገለግላል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የ1968ቱ የብቸኛ መርከበኞች የዓለም ዙር ውድድር ነው። ከተነሡት ዘጠኝ ሰዎች የጨረሰው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ብቻ ሲሆን፣ ቦምቤይ ውስጥ ከቲክ እንጨት የተሠራችው 9.8 ሜትሯ «ሱሃይሊ» ደግሞ ከተወዳዳሪዎቹ ፈጣኗ አልነበረችም። በ312 ቀናት ጉዞ ራስ መሪ መሣሪያው ተሰበረ፣ ሬዲዮው ዝም አለ፣ በማጠራቀሚያ የያዘው የመጠጥ ውሃ ተበከለ። በጀልባዋ ሥር ካለው ኪል አጠገብ ባለው ስፌት ውሃ ሲያስገባ ኖክስ ጆንስተን ጠልቆ ስንጥቁን በጥጥ ጠቀጠቀውና በላዩ የመዳብ ቁራጭ ቸነከረ። የተበላሸው ነገር ብዙ ነበር፤ ሆኖም በሰው እጅ የማይጠገን ወይም የማይታለፍ አልነበረም። ዛሬም ለቀላል ጉዞ የታደሰች ጀልባ የምትያዘው በዚሁ ሐሳብ ነው። በነፋስና በውሃ ኃይል ብቻ የሚሠራ ራስ መሪ፣ ጠንካራ ሸራ ከመርፌና ክር ጋር፣ ከባድ መልህቅ ከረጅም ሰንሰለት ጋር፣ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ፣ ለመብራት የሚበቃ አንድ የሶላር ሰሌዳ ይበቃታል።

በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የወጪ ነው፤ በርካሽ የተገዛ ጀልባ እድሳቱ የግዢውን ዋጋ ደጋግሞ ይበልጣል፣ ሲሸጥም ወጪውን አይመልስም ይባላል። እውነት ነው። ይህ ግን የሚያስረዳው ምን መግዛት እንደሌለብን ነው። መሠረቱ የተናጋ ቤት ጣሪያ ስለተቀየረለት እንደማይድን ሁሉ፣ ኪሏ የላላ ወይም ቀፎዋ የደከመ ጀልባ በነፃ ብትሰጥም ውድ ናት። አጥንቷ ጤነኛ ለሆነች ጀልባ ግን ወጪው የሚወሰነው በባለቤቱ ፍላጎት ነው። የባሕር ውሃ ማጣሪያ፣ ፍሪጅና ጄኔሬተር የማይጭን ሰው የሚከፍለው ለሽቦ፣ ለሸራ፣ ለቫልቭና ለራሱ ጉልበት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደኅንነት ነው። ስሎከምም «ስፕሬይ»ም ከታላቁ ጉዟቸው አሥር ዓመት ገደማ በኋላ ባሕር ላይ ጠፍተው ቀርተዋል። በቅርብ ጊዜም ቢሆን፣ ከ1988 በፊት የተነደፉ ጀልባዎች ብቻ በሚወዳደሩበት የጎልደን ግሎብ ውድድር፣ የፊንላንዳዊው ታፒዮ ሌህቲነን ጀልባ «አስቴሪያ» በኖቬምበር 2022 በሕንድ ውቅያኖስ ደቡባዊ ክፍል ውሃ ከኋላዋ ገብቶባት በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። እሱን ያተረፉት የሕይወት ታንኳው፣ በሳተላይት ጥሪ የሚያሰማው ትንሽ መሣሪያና መንገዷን ቀይራ የደረሰችለት ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሼፈር ናቸው። እሷም ካናዳ ውስጥ ባሳደሰቻት «ሚኔሃሃ» ውድድሩን በኤፕሪል 2023 አሸነፈች። ከዚህ ታሪክ «ዘመናዊ መሣሪያ አያስፈልግም» የሚል ድምዳሜ አይወጣም። የራሱ ባትሪ ያለው፣ ከጀልባዋ ሽቦና ሞተር ነፃ የሆነ የአደጋ ጊዜ ጥሪ መሣሪያ በማንኛዋም ጀልባ ላይ መኖር አለበት፤ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስም እንዲሁ። ችግሩ የሚመጣው መሪው፣ ውሃው፣ መልህቁና መብራቱ በአንድ ባትሪ ላይ ሲንጠለጠሉ ነው። ያኔ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲቃጠል ጀልባዋ በሙሉ ትቆማለች።

እንግዲህ አሮጌ ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት መዶሻና የእጅ ባትሪ ይዞ ይግባ። ወለሉን ያንኳኳ፣ ቫልቩን ይክፈት ይዝጋ፣ የምሰሶው ሰሌዳ እንዲነቀል ይጠይቅ። እነዚህን ያለፈችውን ይግዛ፤ ከዚያም አዲስ ዕቃ ሊጨምርባት ባሰበ ቁጥር ከወደብ ርቆ ሳለ ዕቃው ቢሰበር ምን እንደሚያደርግ ራሱን ይጠይቅ። መልስ የሌለው ዕቃ አይጫን።