የጠዋት የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሲገኝ፦ የማታው ኢንሱሊን ከመጨመሩ በፊት

በስኳር ሕመም ክትትል ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ሁኔታ ነው። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ወጣት ቁርስ ሳይበላ ለቀጠሮው ይመጣል፤ ደሙ ሲለካ 260 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይሆናል፤ የማታው ኢንሱሊን በ2 ወይም በ4 ዩኒት ይጨመርለትና ይሰናበታል። በሚቀጥለው ቀጠሮም ይኸው ይደገማል። ውሳኔው አንዳንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጠዋት የተገኘው ቁጥር ሌሊቱ የት እንዳበቃ ይናገራል እንጂ እንዴት እንዳለፈ አይናገርም። በእኩለ ሌሊት የደም ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ ላደረ ሕመምተኛ የማታውን ኢንሱሊን መጨመር ለሕይወቱ የሚያሰጋ ስሕተት ነው።

ሰው በተኛበት ሰዓት ጉበት ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይለቃል፤ ጤናማ ቆሽትም በልኩ ኢንሱሊን ያመነጫል። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በእንቅልፍ የመጀመሪያ ሰዓታት ነው፤ የኢንሱሊንን ሥራ የማዳከም ውጤቱ ግን ዘግይቶ፣ ወደ ንጋት ገደማ ይገለጣል። የኮርቲሶል መጠንም በዚያው ሰዓት ከፍ ማለት ይጀምራል። ጤናማ ቆሽት ጥቂት ኢንሱሊን ጨምሮ ሁኔታውን ያስተካክላል፤ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን የማለዳ ጭማሪ «የንጋት ክስተት» ብለው ሰይመውታል። በጉርምስና ዕድሜ የእድገት ሆርሞን ስለሚበዛ ክስተቱ ጎላ ብሎ ይታያል።

በእኔ አስተያየት ግን በኤን.ፒ.ኤች. ኢንሱሊን በሚታከሙ ሕሙማን ዘንድ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው የመርፌው ሰዓት ነው። ይህ ኢንሱሊን ከፍተኛ ኃይሉን የሚያሳየው ከተወጋ በኋላ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን ከዚያ በኋላ እየደከመ ይሄዳል። ከራት በፊት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት የተወጋ እንደሆነ የሚበረታው ሰውነት ኢንሱሊን እጅግ በጥቂቱ በሚፈልግበት ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ፍላጎቱ በሚጨምርበት በንጋት ሰዓት ደግሞ ይዳከማል። መጠኑን ብንጨምር የእኩለ ሌሊቱን ጉድጓድ እናጠልቃለን እንጂ የንጋቱን ከፍታ እምብዛም ዝቅ አናደርግም። ስለዚህ ፈጣኑን መደበኛ ኢንሱሊን ከራት በፊት እንዳለ ትቶ፣ ኤን.ፒ.ኤች.ን ለብቻው ወደ መኝታ ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ማዛወር ብዙ ጊዜ መጠኑን ሳይጨምሩ ጠዋቱን ያሻሽላል። ሰባ ሠላሳ የሚባለውን የተደባለቀ ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ ይህን ማድረግ ስለማይችል ሁለቱን ለየብቻ ወደ መውሰድ መለወጥ ይኖርበታል።

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ሌላ ማብራሪያም አለ። ማይክል ሶሞጂ የተባሉት የባዮኬሚስትሪ ሊቅ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ሌሊት የስኳር ማነስ ሲደርስ ግሉካጎንና አድሬናሊን ጉበትን ቀስቅሰው ስኳሩ ጠዋት ከመጠን በላይ እንዲወጣ ያደርጋሉ። የደም ስኳርን ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህን እምብዛም አልደገፉትም፤ ሌሊት ስኳሩ የወረደበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትም ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሕመሙ ዓመታት ካስቆጠረ ደግሞ በስኳር ማነስ ጊዜ ግሉካጎን የማመንጨት ችሎታ ስለሚጠፋ ማብራሪያው ይበልጥ ይላላል። ከዚህ ይልቅ ዘወትር የሚያጋጥመው፣ ላብ አጥምቆት በድንጋጤ የነቃ ሕመምተኛ ያገኘውን ለስላሳ፣ ዳቦና ስኳር ሁሉ በአንድ ጊዜ መውሰዱ ነው። ለዚህ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ወይም ውኃ ውስጥ የተበጠበጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት እንደሚበቃው ሊነገረው ይገባል።

እንግዲህ ምክንያቱን መለየት የሚቻለው ሌሊቱን በመለካት ነው። ለሦስት ሌሊት በመኝታ ሰዓት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከእንቅልፍ እንደተነሡ መለካት ዘጠኝ የመለኪያ ስትሪፕ ብቻ ይፈልጋል፤ መሣሪያ ለሌለው ሕመምተኛ ክትትል ክፍሉ አንድ መለኪያ ለጥቂት ቀናት ቢያውሰው የሚያስቆጭ አይደለም። በመኝታ ሰዓት 250 የነበረው ጠዋትም 260 ከሆነ ችግሩ ከራቱ ወይም ለራቱ ከተወሰደው ፈጣን ኢንሱሊን ነው፤ ኤን.ፒ.ኤች.ን መንካት አያስፈልግም። በመኝታ ሰዓት 140፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 130፣ ጠዋት 250 ከሆነ የንጋት ክስተት ወይም የኢንሱሊኑ መዳከም ነው። ሁለቱን መለየት ለሕክምናው ብዙም አይጠቅምም፤ መርፌውን ወደ መኝታ ሰዓት ማዛወር፣ ካልበቃም በየሦስት ቀኑ ሌሊቱን እየለኩ ከ10 በመቶ ባልበለጠ መጨመር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ70 በታች ከተገኘ ግን የጠዋቱ ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን የማታው ኤን.ፒ.ኤች. ከ10 እስከ 20 በመቶ መቀነስ አለበት።

መለካት ፈጽሞ ካልተቻለ አብሮት የሚያድረውን ሰው መጠየቅ ይጠቅማል። አንሶላው በላብ ይርሳል ወይ? በእንቅልፉ ይቃዣል፣ ይጮኻል ወይ? ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ለመቀስቀስስ ያስቸግራል ወይ? ምልክት አለመኖሩ ግን የስኳር ማነስ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ብዙዎች ሳይነቁ ያልፋቸዋልና። ከሰዓት በኋላ እርሻ ሲያርስ ወይም ኳስ ሲጫወት የዋለ፣ ማታም ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሕመምተኛ በተለይ ይጠርጠር። እንዲህ ባለ ጥርጣሬ መካከል መጠኑን ሳይጨምሩ የመርፌውን ሰዓት ብቻ ማዛወር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሕመምተኛውን ሆድና ጭን በእጅ መዳሰስ አይዘንጋ። በአንድ ቦታ ደጋግሞ ከመውጋት የመጣ እብጠት ካለ ከዚያ የሚገባው ኢንሱሊን አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን አይሠራም። ኤን.ፒ.ኤች. በብልቃጡ ግርጌ ስለሚዘቅጥ ከመቀዳቱ በፊት በመዳፍ መካከል ከአሥር ጊዜ በላይ በቀስታ መንከባለል አለበት፤ ሕመምተኛው በፊታችን እንዲያሳየን ብናደርግ በቃል ከመጠየቅ ይሻላል። ብልቃጡ የት እንደሚቀመጥ፣ ራት በስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ በጾም ወራትም የአመጋገቡ ሰዓት እንዴት እንደሚለወጥ ይጠየቅ። ኢንሱሊኑ እንዳያልቅበት እየቆጠበ የሚወጋ ሰው ይህን በፈቃዱ አይናገርም፤ ቁጣ በሌለበት አነጋገር መጠየቅ ያሻል።

ግላርጂንን የመሰለ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን በሚገኝበት ቦታ የሌሊቱ የስኳር ማነስ ይቀንሳል፤ በኢንሱሊን ፓምፕ የሚታከሙትም ከንጋት በፊት መጠኑ ከፍ እንዲል ማዘዝ ይችላሉ። ሆኖም በየትኛውም ሕክምና ላይ ያለ ሰው ጠዋት ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን አተነፋፈስ ከታየበት ጉዳዩ የንጋት ክስተት ነው ተብሎ አይታለፍ። ሽንቱ ለኪቶን በዚያው ሰዓት ይመርመር፤ ኪቶን ከተገኘ ወይም ምርመራው ከሌለ ወደ ቤቱ ሳይመለስ በአስቸኳይ ይታከም።